ሚስተር ቫርጊስ አረፉ

ቫርጊስ ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ሰባት ዓመት ተኩል አምቦ ውስጥ የኖረ የሒሳብ መምህር ነበር። አገሩ ሕንድ ነው፤ ኬረላ የሚባለው ክፍል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ቀጠረው። እኛም ስሙን በትክክል ለመጥራት ሳምንት ያህል ታግለን ሲያቅተን «ሚስተር» ብለን አረፍን። አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ትርጉሙን ቢጠይቀው ኖሮ ቫርጊስ ማለት በአገሩ ቋንቋ ጊዮርጊስ መሆኑን ሰምቶ ይገላግለን ነበር። አምቦ ግን እንግዳ ሲያይ ያከብራል እንጂ አይጠይቅም። ይህን ጠባያችንን አንድም ቀን ወድጄው አላውቅም።

የሚኖረው በባየሽ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ባየሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። አንዲት ልጅ አለችው፤ ዶሃ ውስጥ ነርስ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች። ባየሽና እሱ በአንድ በር እየወጡ እየገቡ ያን ሁሉ ዓመት ሲኖሩ ጨዋታቸው ስለ ውኃና ስለ መብራት ነበር። «ውኃ መጣ እንዴ?» «መጣ።» «መብራትስ?» «ሄደ።» ከዚህ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም፤ ተከባብረው ኖሩ።

በመጣ በዓመቱ ታይፎይድ ያዘው። አምቦ ያኔ ወጉን አላጓደለም። መምህራኑ ብርቱካን፣ ጎረቤቶቹ አጥሚት፣ የተማሪ ወላጆች የታሸገ ውኃ ይዘው ጎረፉ። ክፍሏ አልበቃ ብላ ደጅ አግዳሚ ወጣ። የታማሚ ጥየቃ እኛ ዘንድ እንዴት እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ታማሚው ይተኛል፣ ጠያቂው ይጫወታል፣ በዚያው በሽታ የሞቱ ሰዎች ስም እየተነሣ ይወድቃል። ቫርጊስ በትኩሳቱ ላይ ይህ ተጨምሮበት ራሱ ሊፈነዳ ሲደርስ ስልኩ ላይ ቃል ፈልጎ ባየሽን ጠራና «እባክዎ፣ ዕረፍት እፈልጋለሁ» አላት። ባየሽ ወጥታ ለሰው ነገረች። ማንም አልተቀየመም፤ ሁሉም «እግዜር ይማርዎ» እያለ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «ሚስተር ሲታመም ሰው አይወድም» የሚል ሕግ በከተማው ጸና። ያወጣው አንድ ቃል ነው፤ የሚሽረው ግን አልተገኘም።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ ዝምታውን ወድዶት ነበር። በአገሩ ያገኘው ሰው ሁሉ ስለ ሚስቱ እያነሣ ሲያጽናናው ሰልችቶት ነው የመጣው። እኛ ዘንድ ሚስቱን የሚያውቅ ስላልነበረ እፎይ አለ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ግን ዝምታው ይከብደው ጀመር። መንገድ ተዘግቶ ትምህርት የተቋረጠባቸው ሳምንታት ሲመጡ ሌሎቹ የውጭ አገር መምህራን ሻንጣቸውን ይዘው ሄዱ፤ እሱ ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ሰላምታ አልጎደለበትም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ «አካም ጅርታ ሚስተር?» የማይለው አልነበረም፤ እሱም «ፋያ፣ ፋያ» እያለ ያልፋል። ከሰላምታው ወዲያ የሚሻገር ግን አልነበረም።

ትምህርት ሲዘጋ ወንጪ ይሄዳል። ሐይቁ ዳር ፈረስ የሚያከራዩት ሲከቡት ፈረስ አልፈልግም ይላቸዋል፤ የሚፈልገው ጀልባ ነው። ያደገው ውኃ ዳር ነው፤ አባቱም ጀልባ ቀዛፊ ነበር። ቀዛፊው «ወዴት ላድርስዎ?» ሲለው «የትም፤ ወስደህ መልሰኝ» ይለዋል።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ወገቡን ያመው ጀመር። ደበቀ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ግን የፈራው በሽታውን ሳይሆን መሸኘቱን ነው። አምቦ ከመምጣቱ በፊት በሌላ አገር ሲያስተምር አንድ ባልደረባው ታሞ ጥቂት ቢሰነብት፣ ሊጠይቀው የመጣው አለቃ የአውሮፕላን ቲኬት አልጋው ላይ አስቀምጦለት ወጣ። ቫርጊስ ከዚያ የተማረው፣ በሰው አገር የሚያስተምር መምህር አይታመምም፤ ከታመመ ይሄዳል የሚለውን ነው። እሱ ደግሞ የሚሄድበት አልነበረውም። የኬረላው ቤቱ ተዘግቶ ኖሯል፤ ልጁም ከሌሎች ነርሶች ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። የሚያጫውተው ሰው ባይኖርበትም ቤት ብሎ የሚገባበት ያችው የባየሽ ክፍል ናት። ስለዚህ ጥርሱን ነክሶ፣ ግድግዳ ተደግፎ አስተማረ። ተማሪዎቹ «ዘንድሮ ሚስተር ኮሩ፤ ዞር ብለው እንኳ አያዩንም» ይሉ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ ክፍል ውስጥ የወደቀ ጠመኔ ሊያነሣ ጎንበስ አለና በዚያው ቀረ። ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት። ዲስክ ነው ተባለ፤ ሐኪሙም «ፍጹም ዕረፍት» ብሎ ጻፈለት። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ ባጃጅ ላይ ተጋድሞ ትምህርት ቤት ተመለሰና የሠራተኛ ጉዳይ ወደምትሠራው ወደ ማኅሌት ቢሮ በሁለት ሰው ተደግፎ ገባ።

«ወንበር ላይ ሆኜ አስተምራለሁ» አላት ገና ሳይቀመጥ።

ማኅሌት ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትረሳ ልጅ ናት። «ሐኪሙ የሰጡዎትን ወረቀት ያምጡ» አለችው።

«ወንበር ካልሆነ ቆሜም እችላለሁ።»

«ሚስተር፣ ወረቀቱን።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና አንገቱን ደፋ። «ቲኬቱ ለመቼ ነው?» አላት።

«የምን ቲኬት?»

ሌላ አገር ያየውን ነገራት። ማኅሌት ሰምታው ስትጨርስ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረች። «የሥራ ፈቃድዎ ላይ የውጭ ዜጋ ይላል፤ ወገብዎ ላይ ግን አይልም። ሕጉ ለእኔም ለእርስዎም አንድ ነው። የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ ይተኛሉ። ከዚያ ሁለት ወር በግማሽ ደመወዝ። ካልተሻለዎት ደግሞ ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቦታዎ ይጠበቃል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ግን መምጣት አለብዎት፤ አለዚያ ፈቃድዎን ማሳደስ አንችልም።»

«እንደገና ይንገሩኝ» አላት። ደገመችለት። ዕንባው ሲወርድ አየችና ሕመሙ የጸናበት መስሏት ባጃጁን አስጠራች። ሕመሙስ ጸንቶ ነበር፤ ያለቀሰው ግን ሰባት ዓመት ተደግፎት የነበረው ግድግዳ እንደማይወድቅበት ዛሬ ገና ስለሰማ ነው።

በማግስቱ ማኅሌት ማስታወቂያ ለጠፈች፤ «ሚስተር ቫርጊስ ፍጹም ዕረፍት ስለታዘዘላቸው ክፍሎቻቸው ለሌሎች መምህራን ተከፋፍለዋል» ይላል። ሰው አነበበ። ሲያሻው ዕረፍት እፈልጋለሁ የሚል ሰው ጭራሽ በሐኪም ፍጹም ዕረፍት ታዘዘለት! ከዚህ ወዲያ በሩን የሚያንኳኳ ቢኖር ባለጌ ነው። ስለዚህ ማንም አልሄደም። ከክፋት አይደለም፤ ከጨዋነት ነው። ጨዋነት ስንት ሰው እንደጎዳ የቆጠረ የለም።

ቫርጊስ ወለል ላይ በተነጠፈ ጣውላ ላይ ተኛ። የሙሉ ደመወዙ ወር አለቀ። ግማሹ ጀመረ። የተማሪዎቹ ጫጫታ እስከ ክፍሉ ይሰማል፤ ደወል ሲደወል የትኛው ክፍል ሒሳብ እንዳለው ያውቃልና በልቡ ያስተምራል። ባየሽ ጠዋትና ማታ ምግብ አምጥታ አጠገቡ ታስቀምጥና «በሉ ይረፉ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ትወጣለች። ቁጭ ይበሉ ሊላት ይፈልጋል። «ተቀመጡ» የሚለውን ቃል ያውቀዋል፤ ክፍል ውስጥ ሲለው የኖረው እሱን አይደል? ነገር ግን አንድ ጊዜ ዕረፍት እፈልጋለሁ ያለ ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚያነሣ አያውቅም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚባለው በሌላ ነገር ነው፤ የእሱ ያስቀረበት ጨዋታ ብቻ ነው። የሚያስፈልገውም ያው ነበር።

ጥር ላይ የባየሽ እኅት እንጭኒ ውስጥ በጠና ታመመችና ባየሽ ልታስታምም ሄደች። ሚስተርን ጤና ጣቢያ ላለች ነርስ አደራ ብላ፣ ምግቡን ከአንድ ምግብ ቤት በባጃጅ እንዲያመጡለት አድርጋ ነው የሄደችው። ባለባጃጁም ማስታወቂያውን ሳይሰማ አልቀረም፤ ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ፣ በጣቱ አንኳክቶ ይሮጣል። ነርሷ በሁለት ቀን አንዴ መጥታ መርፌ ትወጋዋለች። ከእሷ ሌላ የሰው ፊት ያላየባቸው ቀናት ነበሩ። ማኅሌት ብቻ አልፎ አልፎ ትደውልለታለች።

አንድ ዓርብ ጠዋት ስትደውልለት ድምፁ ቀለል ብሎ አገኘችው። ሌሊቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሙ ለቅቆት ተኝቶ አድሮ ነበር። ስልኩን ዘግታ ሌላ ስትደውል፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ኦቦ ኦሊቃ በበሩ ብቅ ብለው «ሚስተር እንዴት ሆኑ?» አሏት። ማኅሌት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች «ትናንት መርፌ ተወጉ፤ ዛሬ አረፉ» አለቻቸው።

እንግዲህ ፍረዱ። መርፌ ተወግቶ ማረፍን አምቦ ውስጥ በሌላ የሚተረጉም ካለ ይቅረብ። ኦቦ ኦሊቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ዋና በር ላይ ለነበሩት ሴቶች በኦሮምኛ «ቦቆታን» አሏቸው፤ ኦሮምኛውም አላዳነም፣ ዕረፍቱም ሞቱም እዚያ አንድ ቃል ነው። ማኅሌት ስልኳን ጨርሳ ለስብሰባ ወደ ጉደር ሄደች። ወሬው ደግሞ ወደ ከተማው ገባ።

የዕድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሚስተር የዕድር አባል አይደለም፤ ጡሩምባ ሊነፋለት አይገባም የሚል ተነሣ። «የሰው አገር ሰው ነው፤ አፍ የለውም፤ ድንኳኑን አውጡ!» ብሎ የሚቆጣ ሌላ ተነሣ። ድንኳኑ ወጣ። ቀብሩ የት ይሁን ሲባል ደግሞ ክርክር ሆነ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲሳለም አይቼዋለሁ አለ። ሌላው የለም፣ ጴንጤ ነው አለ። ሰባት ዓመት የት እንደሚጸልይ ያልጠየቀው ሰው ሁሉ በቀብሩ ቀን ተጨነቀለት።

ቫርጊስ እንቅልፍ ጥሎት ነበር። የድንኳን ካስማ ሲመታ ነቃ። ቀጥሎ ለቅሶ ሰማ። የባየሽ እኅት የሞተች መሰለውና አዘነ፤ ተነሥቶ ሊያጽናና ይገባዋል፣ ይህን ያህል ወጋችንን ያውቃል። እጁን መሬት ላይ አስደግፎ ሊነሣ ሲታገል ስሙን ሰማ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ባዳ አልሆነበትም። ቲማቲም የምትሸጥለት ሃቦኔ «አንድ ቀን ዋጋ ሳይከራከረኝ፣ የበሰበሰውን ጣል ጣል ሳደርግበት እያየ ዝም ሲለኝ!» እያለች ታለቅሳለች። አንዲት ተማሪ በጥፊ ያልመታኝ የሒሳብ መምህር እሱ ብቻ ነው አለች። ኦቦ ኦሊቃ «በየጠዋቱ እጄን ጨብጦ ነው የሚገባው፤ ሌላው መምህር በመስኮት ያውለበልብልኛል» አሉ። እንዲህ ያለውን ነገር አንዱም ከዚያ በፊት ነግሮት አያውቅም። ቫርጊስ መጣራት ይችል ነበር። አልተጣራም። ሲጣራ እንደሚያቆሙ ገባው። ትንሽ ይቆይ ብሎ ተመልሶ ጣውላው ላይ ተኛና እያለቀሰ የራሱን ለቅሶ ሰማ።

በኋላ ኦቦ ኦሊቃና ሁለት ሰዎች ሬሳውን ሊገንዙ ነጭ ጨርቅ ይዘው በሩን ከፈቱ። ሚስተር ዐይኑን ከፍቶ ያያቸዋል። አንደኛው ሰው ጨርቁን ጥሎ ወጣ። ኦቦ ኦሊቃ በሩን ይዘው ቀሩ።

«ግቡ» አለ ቫርጊስ። «ተቀመጡ።»

የተፈጠረውን ጩኸትና ሳቅ ልተርከው አልችልም። ሰው ገባ፤ ክፍሏ ጢም አለች፤ ከድንኳኑም አግዳሚ መጣ። ኦቦ ኦሊቃ ማኅሌት የተናገረችውን ቃል በቃል እየደገሙ ራሳቸውን ሲከላከሉ ቫርጊስ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ሳቁን የሰማነው ያኔ ነው፤ ቀጭን ሳቅ ነበረው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጫወትን። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ኧረ በቃ፤ ሰውየው ዕረፍት ታዝዞለታል» አሉ። ሁሉም ደነገጠና ብድግ አለ። ቫርጊስ እጁን ዘርግቶ «አይ፣ አይ» ቢልም ለወጉ ያለው መሰላቸው። «በሉ ይረፉ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። የመጨረሻው ሰው በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ድንኳኑም ፈረሰ።

በማግስቱ ጥቂት ሰዎች መጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። በቁሙ ያለቀሱለትን ሰው ዐይን ማየት ያሳፍራል መሰለኝ።

ባየሽ እኅቷ ተሽሏት ከእንጭኒ ስትመለስ ወሬውን ገና መናኸሪያ ሰማች። ቅርጫቷን እንደያዘች በቀጥታ ወደ እሱ ክፍል ገባች።

«ሲያለቅሱ እየሰሙ ለምን አልተጣሩም?» አለችው።

ቃል ፈለገ። «ደስ ብሎኝ ነበር» አላት።

ባየሽ ቅርጫቷን አስቀመጠች። ሳትጋበዝ ተቀመጠች። ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ አስነገረችው፤ እሱም ቃል ሳይጥል ነገራት። ከዚያ ወዲህ ምግቡን አስቀምጣ መውጣት ቀረ፤ ቁጭ ብላ ታጫውተዋለች። ስለ ባሏ ነገረችው፤ ስለ ሚስቱ ነገራት። ማታ ስትነሣ «ይረፉ» አትለውም፤ «ደህና ይደሩ» ነው የምትለው። ከቃሉ የተማረች እሷ ብቻ ናት።

ወገቡ ግን አልዳነም። ያለ ደመወዝ የሚተኛባቸው ወራት ሲገቡ ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል አሉ፤ ልጁም አገሩ ወስጄ አሳክመዋለሁ አለች። ማኅሌት «ስድስቱ ወር ገና ነው፤ ቦታዎ አለ፤ ድነው ይምጡ» አለችው። መጋቢት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎለት ሄደ። ባየሽ እስከ ጊንጪ ሸኘችው። ክፍሉን ለሌላ አላከራይም አለችው፤ ጣውላውንም ሳታነሣ ቆለፈችው። ከኬረላ እሑድ እሑድ ይደውልላታል። «አረፉ እንዴ?» ትለዋለች። «ገና ነኝ» ይላታል። ሁለቱም ይሥቃሉ።

ሚያዝያ ውስጥ፣ ትምህርት ቤቱ ለፋሲካ ተዘግቶ ሳለ፣ ማኅሌት ፋይል ልትወስድ ቢሮ እንደገባች ከልጁ መልእክት ደረሳት። ቀዶ ሕክምናው ደህና አልቆ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ልቡ ቆመ። እስከ መጨረሻው ቦታዬ አለ፣ እመለሳለሁ ሲል ነበር ትላለች ልጅቱ።

ማኅሌት ወጥታ በር ላይ ኦቦ ኦሊቃን አገኘቻቸው። «ሚስተር አረፉ» አለቻቸው።

ኦቦ ኦሊቃ ሳቁ። «ዘንድሮስ አልሞኝም። ደህና ይረፉ በይልኝ።»

ማኅሌት አፏን ከፈተች። የቀራት ቃል ሌላኛው፣ ለከብትም የሚባለው ነው። ስለ ሚስተር ያን ቃል መናገር አቃታትና አለፈቻቸው። ወደ ባየሽ ግቢ ሄደች።

ባየሽ ስታያት ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አረፉ» አለቻት ማኅሌት። ባየሽ ፊቷን አየችው። በአማርኛ መልሳ አልጠየቀቻትም፤ በኦሮምኛ፣ ከሞት በቀር ሌላ ትርጉም በሌለው ቃል «ዱኤ?» አለቻት። ማኅሌት ራሷን ነቀነቀች።

ባየሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና የክፍሉን በር ከፈተች። ደጃፉ ላይ ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ድንኳን የለም፤ ጡሩምባ የለም። «ያኔ ተለቅሶለታል» አለቻት ማኅሌትን። «እሱም ሰምቶታል።»

ማኅሌት ለልጁ ልትደውል ስትነሣ ባየሽ ብቻዋን ቀረች። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በክፍቱ የግቢ በር አሻግረው አዩዋት፤ ሃቦኔም ከመካከላቸው ነበረች።

«ምነው ባየሽ፣ ሚስተር ዛሬም አረፉ እንዴ?» አለች እየሣቀች።

«አዎ» አለች ባየሽ፣ «አረፉ።»

ሣቁና አለፉ።